የማሳያ ሣጥኖቹ አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ፤ መክፈቻው ስድስት ቀን ቀርቶታል

ይህ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ የጥያቄና የመልስ ክር ነው። ጠያቂው ነገሩን በአጭሩ ነው ያስቀመጠው። ዐውደ ርእዩ ሊከፈት ስድስት ቀን ቀርቷል። አምስት አዳዲስ የመስታወት ማሳያ ሣጥኖች ከአናጢ ቤት መጥተው ቦታቸውን ይዘዋል፤ ክዳናቸው ሲነሳ ግን ኃይለኛ የአቼቶ ሽታ ይወጣል። ውስጣቸው የተቀመጠው የእርጥበት መለኪያ 64 በመቶ ያሳያል፤ የውሰት ውሉ ደግሞ ከ45 እስከ 55 በመቶ ብሎ ገድቧል። የሚገቡት ዕቃዎች የብር ሳንቲሞች፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ ማኅተሞችና ሁለት የብራና ቅጠሎች ናቸው። በዚህ ላይ 180 በ140 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ከነፍሬሙ 42 ኪሎ የሚመዝን የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። የሚሰቀልበት ግድግዳ ባለ 12.5 ሚሊሜትር ጂፕሰም ቦርድ መሆኑ የታወቀው ትራፓኖው ገብቶ ባዶውን ሲያገኝ ነው። ሣጥኖቹ ውስጥ የከሰል ከረጢት አስቀምጦ መዝጋት ይበቃል ወይ? ሥዕሉስ በምን ይያዝ? ጥያቄው ይኸው ነው።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ሲያበቃ ከሰሉን ወዲያው ውድቅ አደረገው። መጀመሪያ የሽታው ምንጭ ይለይ ባይ ነው። የመስታወቱ መጋጠሚያ የተሞላበት ሲሊኮን ቱቦ ካልተጣለ ጽሑፉ ይነበብ፤ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ የሚለቅ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ታወቀ። ከዕቃዎቹ መካከል አንዱን ብቻ ማትረፍ የሚቻል ቢሆን እርሳሱን እንዲያተርፉ መከረ። የአሲዱ ትነት እርሳስን ያጠቃል፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተባብሮም ነጭ ዱቄት ያደርገዋል፤ ዱቄት የሆነው ደግሞ ወደ ማዕድኑ አይመለስም። ስለዚህ ማኅተሞቹ ከማጓጓዣ ሣጥናቸው እንዳይወጡ አሳሰበ።

መልስ 2። ሁለተኛው ስለ ሲሊኮን ብቻ ነው የጻፈው፣ ያውም በዝርዝር። እንዲህ ያለ ሲሊኮን ከላይ በግማሽ ሰዓት ቆዳ ቢያበጅም ወደ ውስጥ የሚደርቀው በ24 ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አናጢው ማዕዘኑን በአንድ ሳንቲሜትር ውፍረት ሞልቶት ከሆነ በጣት ሲነካ ደረቅ የሚመስለው ነገር ውስጡ ገና ጥሬ ነው። የሚደርቀውም ከአየር እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ ክፍሉን በማድረቂያ ማሽን ማድረቅ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም። እሱ የሚያደርገው ግልጽ ነው፦ ክዳኑን አንስቶ ቬንትሌተር ማዞር፤ ከዚያ ሲሊኮኑን በቀጭን ምላጭ ከሁለቱም ጎን ሰንጥቆ እንደ ክር ጎትቶ ማውጣት፤ የቀረውን በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቆ በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ። በምትኩ አሲድ የማይለቀው ዓይነት ይገባል፤ ጊዜ ካልተገኘ ደግሞ ፋብሪካ ያደረቀው የሲሊኮን ጥብጣብ በክዳኑና በመቀመጫው መካከል ይገባል። ጥቁር የጎማ ጥብጣብ ግን አይሞከር ብሎ አስጠነቀቀ። ብዙው ጎማ በድኝ የተጠናከረ ነው፤ ድኙም ብሩን ያጠቁረዋል።

መልስ 3። የሦስተኛው ሐሳብ ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ሲሊኮኑ ቢወጣም ሽታው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ እንደሚችል ጠቁሞ፣ ዕቃው የሚቀመጥበት ወለል ከምን እንደተሠራ ጠየቀ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ከሆነ ፎርማልዴሃይድና አሲዶችን ለዓመታት ይለቃል፤ ጨርቅ መልበሱ ምንም አይለውጥም። ቀለምም ቢሆን አያፍነውም። የሚያፍነው በፕላስቲክ የተለበጠ የአሉሚኒየም ፎይል ነው፤ የሚቀልጠው ፊቱ ወደ እንጨቱ ዞሮ በካውያ ይጣበቃል። ብዙዎች ከላይ ብቻ ለብጠው ይተዉታል፤ ከኤምዲኤፍ በጣም የሚተነፍሰው ግን የተቆረጠው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ስድስቱም ፊት ይሸፈን፣ መደራረቢያው 3 ሳንቲሜትር ይሁን፣ የቪስ ቀዳዳዎች በአሉሚኒየም ፕላስተር ይታተሙ። ከላይ የሚለብሰው ጨርቅ ታጥቦ ማጠናከሪያው የለቀቀ፣ ቀለም ያልገባበት ጥጥ ወይም ፖሊስተር ቢሆን ይመርጣል። የሱፍ ጨርቅ ከጎማው ጋር ያው ነው፣ ድኝ አለበት።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አራተኛው መላሽ ማንም ሙዚየም ያልተፈተነ ቁስ ሣጥን ውስጥ አያስገባም፣ ይህ የባለሙያ ሥራ አይደለም ብሎ ጠያቂውን ገሠጸ። የኦዲ ፈተና ለዚህ ነው የተፈጠረው አለ፤ የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ቁራጮች ከቁሱ ጋር በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሙቀትና በሙሉ እርጥበት 28 ቀን ይቆያሉ፣ ከዚያ ዝገታቸው ይታያል። ሣጥኑን ከመቀበሉ በፊት የፈረመው ማን እንደሆነም ጠየቀ። ትክክል ነው፤ ግን ስድስት ቀን ለቀረው ሰው የ28 ቀን ፈተና ማዘዝ ምን ይፈይዳል?

መልስ 5። አምስተኛውም ያንኑ ነው ያለው፣ ከእኔ ይልቅ በለሰለሰ አንደበት። ቁጥር 4 የጠቀሰው ፈተና ለሚቀጥለው ሥራ እንዲያዝ፣ ለዛሬው ግን የፊልም ማኅደሮች አሲድ የሚለዩበት ወረቀት እንደሚበቃ ጻፈ። ወረቀቱ ሰማያዊ ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ፣ ሲበዛበት ወደ ቢጫ ይሄዳል። አንዱ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ፣ ሌላው ከሣጥኑ ውጭ በዚያው ክፍል ለ24 ሰዓት ይቀመጥና ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። የውጭው ካልተቀመጠ የክፍሉን አየር የሣጥኑ ጥፋት ማድረግ ይመጣል። አፍንጫ ዳኛ እንዳይሆንም አሳሰበ፤ ሰው ሽታውን ከለመደው በኋላ ጠፋ ይላል።

መልስ 6። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው፣ ከአራት መስመር ባይበልጥም። ስድስተኛው መለኪያው ራሱ ይመርመር አለ። የገበታ ጨው በትንሽ ክዳን ላይ ተደርጎ ጥቂት የውሃ ጠብታ ይንጠባጠብበታል፤ መጠኑ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ነው፣ ጨው ሁሉ ሟሙቶ ውሃ መሆን የለበትም። ያ ክዳንና መለኪያው በአንድ የታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሳይነካኩ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያሉ። በክፍል ሙቀት እንዲህ ባለ ጨው ላይ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ይረጋል። መለኪያው 75 ካላለ ልዩነቱ ስሕተቱ ነው።

መልስ 7። ሰባተኛው እርጥበቱን ቀጠለ። የሣጥኑ ውስጠኛ ልክ 120 በ60 በ40 ሳንቲሜትር እንደሆነ ጠያቂው መሀል ላይ ጣልቃ ገብቶ ተናግሮ ስለነበር ሒሳቡን ሠራለት፦ 0.288 ሜትር ኩብ። የአየሩን እርጥበት የሚያረጋጋው ቅንጣት፣ ተራው ሲሊካ ጄል፣ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ በሚለው የቆየ ልክ ሲሰላ ወደ 5.8 ኪሎ ይመጣል። ለሙዚየም ተብለው የሚዘጋጁት ዓይነቶች ክብደታቸው ከዚህ በጣም ያንሳል፤ የአምራቹ ሰንጠረዥ ይታይ። ጄሉ ከከረጢቱ ወጥቶ ቀጥታ አይገባም፤ ደረቅ ጄል እርጥበቱን ቁልቁል ይጎትተውና ብራናው ይጨማደዳል። አስቀድሞ በተፈለገው 50 በመቶ ላይ መለማመድ አለበት። ከዕቃው ወለል በታች ባለ ዝርግ ትሪ በስሱ ይነጠፋል፤ በወለሉ ዙሪያም ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ክፍተት ይተዋል፤ አለዚያ አየሩ አይዘዋወርም፣ ጄሉ ከታች ታፍኖ ይቀራል። ቀለሙን የሚቀይረው ሰማያዊ ጄል ኮባልት ስላለበት እንዳይገዛ መከረ።

የዚህ መላሽ ዋና ነጥብ መጨረሻው ላይ ነው የመጣው። ብርና እርሳስ ደረቅ አየር ይወዳሉ፣ ከ40 በመቶ በታች ቢሆንላቸው ይመረጣል፤ ብራና እዚያ ድረስ ቢወርድ ይሸበሸባል። በአንድ ሣጥን ማኖር ከሁለት አንዱን መበደል ነው። ውሉ አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ ከሆነ አዋሹ ተቋም በጽሑፍ ይጠየቅ።

መልስ 8 እና 9። ስምንተኛው ከርእሱ ወጣ። ዐውደ ርእይ ሲተከል ከዚህ የባሰም ይደርሳል ብሎ በ1961 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የማቲስ ጀልባ ተገልብጦ መሰቀሉን አነሳ፤ የዘይት ሥዕል ነው አለው። ዘጠነኛው አረመው፦ ሥራው የዘይት ሥዕል ሳይሆን የተቆረጠ ባለ ቀለም ወረቀት ነው፣ ተገልብጦ የቆየውም 47 ቀን ነው፣ ስሕተቱን ያየችው ደግሞ ጎብኚ ናት። ከዚያ ነገሩን ወደ ሥራው መለሰው። የላይኛው ጠርዝ በጀርባ በኩል በቀስት ይመልከት፤ ምልክቱ ሥራው ሲመጣ ከተነሳው ፎቶ ጋር ይመሳከር፤ ከተሰቀለም በኋላ ሌላ ሰው ፎቶውን ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ ያረጋግጥ። የሰቀለው ሰው ራሱን አያርምም፤ ሲሰቅል ሲያየው የዋለውን ነገር ዓይኑ ልክ ያደርገዋል።

መልስ 10። አሥረኛው ለሥዕሉ መልስ ይዞ መጣ። የጂፕሰም ቦርዱን ማንም አይመነው፤ ክብደቱ ከኋላ ባለው የብረት አጽም ላይ ይረፍ። አጽሙ ብዙውን ጊዜ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲሜትሩ ነው። ጠንካራ ማግኔት በግድግዳው ላይ ሲንሸራተት በስቱኮ የተሸፈኑ ቪሶች ላይ ይይዛል፤ ቪሶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ተሰልፈው ከተገኙ አጽሙ እዚያ ነው። ከዚያ ቦርዱ ተቆርጦ ከውስጥ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ በአጽሙ መካከል ይታሰር፣ መልሶ ይዘጋ፣ ስቱኮ ይቀባ አለ። ማንጠልጠያው በ45 ዲግሪ ለሁለት የተሰነጠቀ ዘንግ ይሁን፤ አንዱ ግማሽ በግድግዳው ላይ አፉን ወደ ላይ፣ ሌላው በፍሬሙ ጀርባ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይታሰርና አንዱ ሌላውን ይጎርሳል። ቪሱ ወደ ፍሬሙ እንጂ ሸራው ወደተወጠረበት እንጨት እንዳይገባ። ዘንጉ 18 ሚሊሜትር ከሆነ በፍሬሙ ታች ያንኑ የሚያህል ድጋፍ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሥዕሉ ወደ ግድግዳው ያጋድላል።

ከፍታውንም አሰላ። የሥዕሉ መሀል በ150 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል ቢባል፣ የቁመቱ ግማሽ 70 ነው፣ የሁለቱ ዘንጎች መጋጠሚያ ከፍሬሙ አናት በ12 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል፦ 150 ሲደመር 70 ሲቀነስ 12፣ 208 ሳንቲሜትር። መስመሩ በሌዘር ወይም በውሃ ልክ ይሰመር እንጂ ከወለሉ ላይ በሜትር እየተለካ አይውጣ፤ ወለል እምብዛም ልክ አይሆንም።

መልስ 11። ይህኛው ከ10 ጋር በግማሹ ተስማማ፣ በግማሹ ጠንከር ብሎ ተቃወመ። ግድግዳ ቀዶ ስቱኮና ቀለም መቀባት ማለት አሁን በእርጥበት የተቸገረው ክፍል ውስጥ ሌላ ውሃ ማፍሰስ ነው። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ለመንካት በሰዓታት ቢደርቅም ትነቱን ጨርሶ ለመልቀቅ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በእሱ ምክር ፕላይውዱ ከላይ ይታሰር፦ ርዝመቱ 160፣ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር፣ ሥዕሉ ራሱ የሚደብቀው፤ ቦታው ሦስት የአጽም ብረት እንዲያገኝ ተደርጎ ይመረጥ። ብረቱ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ የእንጨት ቪስ አይነክሰውም፤ ለቆርቆሮ የተሠራው ደቃቅ ጥርስ ያለው ይሁን። ማሰሪያው ሁሉ ከሥዕሉ ክብደት ቢያንስ አራት እጥፉን፣ ማለትም 168 ኪሎ፣ እንዲችል ሆኖ ይታሰብ።

አንድ ሰው ሽቦ ቢሆንስ ብሎ ነበርና ለእሱም በቁጥር መለሰ። ሽቦው ከአግድሙ በ30 ዲግሪ ቢወጠር እያንዳንዱ ክንፍ ሙሉውን 42 ኪሎ ይሸከማል፤ ጠበቅ ተደርጎ በ15 ዲግሪ ቢወጠር ወደ 81 ኪሎ ይደርሳል። ሽቦ በጠበቀ ቁጥር የሚጨምረው ጉልበት የፍሬሙን ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ነው የሚስበው።

መልስ 12። አሥራ ሁለተኛው ምክር አልነበረውም። አናጢው ርካሽ ስለሆነ ነው የተመረጠው፣ እንዲህ ያለ ቦታ ምንም አይዋስ አለ። መልስ 13 ወንድሜ እያለ ተቆጣው፤ የአቼቶ ሽታ ያለው ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤትና ለመስኮት ትክክለኛው ዕቃ ነው፣ አናጢው የሚያውቀውን ነው የሠራው፤ የቁስ ዝርዝር በጽሑፍ ካልተሰጠው ጥፋቱ የአዛዡ ነው ብሎ ዘጋው። ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፣ እዘለዋለሁ።

መልስ 14። ክሩን ወደ መብራት የወሰደው ይህ ነው። ለብራናው ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ሥዕሉ ከ200 ሉክስ እንዳይበልጥ አስታወሰ፤ የብርሃን ጉዳት ተደማሪ ነው፤ 50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ለ90 ቀን 36,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣው ችግር ግን ሌላ ነው። የኤልኢዲ መብራቶች ዝቅ ሲደረጉ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ መብራቱ ተበላሽቷል ተብሎ ይቀየራል፣ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ማደብዘዣው ለድሮው አምፖል የተሠራ፣ የሚፈልገው ዝቅተኛ ዋትም ከኤልኢዲዎቹ ድምር የሚበልጥ መሆኑ ነው። አንድ መስመር ላይ ተጨማሪ መብራት ማሰር አንዳንዴ ይፈታዋል። ካልሆነ መብራቱን ማራቅ ነው፤ ከ2 ሜትር 200 ሉክስ የሚሰጥ መብራት ከ4 ሜትር ወደ 50 ገደማ ይወርዳል። ከመብራቱ ፊት ስስ የብረት ወንፊት መደርደርም ይሠራል፣ የብርሃኑን ቀለም ስለማይለውጥ።

መልስ 15። የሥዕሉ ማጓጓዣ ሣጥን በሩን ያልፋል ወይ ብሎ ማንም ያላሰበውን ጠየቀ። 180 በ140 ለሆነ ሥዕል የውጭው ሣጥን 215 በ175 በ35 ሊደርስ ይችላል። ጋሪው 15 ሳንቲሜትር ከፍ ካደረገው በ175ቱ ጎኑ ቆሞ 190 ይሆናል፤ በሩ ጥርት ያለ 200 ካለው ያልፋል፣ ከላይ የበር መዝጊያ ክንድ ካለ ግን ይነካል። የሚለካው ከነጋሪው ነው፤ ክንዱና የበሩ መዝጊያ ቀድመው ይፈቱ። ሣጥኑ ከገባ በኋላም 24 ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ፣ የውስጡ ሙቀት ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል። ይህን ቀን ማንም መርሐ ግብሩ ውስጥ ስለማይጽፈው ከስድስቱ ቀን አንዱ በዚህ ይሄዳል።

መልስ 16። ጠያቂው ተመለሰ። የሲሊኮኑ ቱቦ ተገኝቷል፣ እንደተባለውም አሲድ የሚለቀው ነው። በጨርቁ ሥርም ያልተለበጠ ኤምዲኤፍ ወጣ። መለኪያው በጨው ዕቃው ውስጥ 80 ስላለ 64ቱ በእርግጥ 59 ገደማ ነበር። ሲሊኮኑ በአምስቱም ወጥቷል፤ ወለሉ በሁለቱ በፎይል ተለብጧል፣ ፎይሉ ስላለቀ በሦስቱ ኤምዲኤፉ ወጥቶ በ6 ሚሊሜትር አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ተተክቷል። ከ24 ሰዓት በኋላ አክሪሊክ የገባባቸው ሣጥኖች ወረቀት ከውጭው ጋር አንድ ሰማያዊ ሆነ፤ ፎይል የለበሱት ግን ወደ አረንጓዴ አዘነበሉ። ሳንቲሞቹና ብራናው በየራሳቸው የአክሪሊክ ሣጥን ይገባሉ። የማኅተሞቹ ሣጥን ለመክፈቻው ቀን በፎቶግራፍ ይሸፈናል፣ አዋሹም በጽሑፍ ተስማምቷል።

መልስ 17። ሦስተኛው መላሽ ነው የተመለሰው፣ ፎይሉ አልሠራም መባሉን አልወደደም። የታችኛው ፊትና የቪስ ቀዳዳዎቹ ተሸፍነው እንደሆነ ጠየቀ። ጠያቂው ከታች እንዳልተለበጠ አመነ።

መልስ 18። ሰባተኛው በድጋሚ። ማኅተሞቹ በሦስተኛው የአክሪሊክ ሣጥን ሲገቡ በአንድ ጥግ፣ ከጎብኚ ዓይን ሰወር ብላ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የተወለወለች ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ አብራ ትቀመጥ፤ ነጭ ነገር ቀድሞ የሚታየው አዲስ በተወለወለ ፊት ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ በባትሪ ትታይ። የእርጥበት መለኪያውም ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ ይቀመጥ፤ ቁጥሩን ለማንበብ ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ጄሉ ሲያረጋጋ የሰነበተው አየር ይወጣል።